በበሬሳ ወንዝ ዳር የመፀው ጠዋት፦ ፎቶዬ ለምን ጢስ ይመስላል?

የሌሊት ፈረቃ፣ ኅዳር 2

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ፎቶ አንሺ አይደለሁም። ደብረ ብርሃን ፋብሪካ ውስጥ በሌሊት ፈረቃ ነው የምሠራው። ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ እወጣለሁ። ቤቴ የምሄደው በእግሬ ስለሆነ በየቀኑ የበሬሳን ወንዝ ድልድይ እሻገራለሁ።

ድሮ አንገቴን በጋቢ ጠቅልዬ መሬት መሬቱን እያየሁ ነበር የማልፈው። ብርዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ከተማችን ከ2,800 ሜትር በላይ ነው ያለችው። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የተባለው ለእኛ ሀገር ይመስለኛል። ዘንድሮ ግን ከጥቅምት አጋማሽ ጀምሮ ድልድዩ ላይ መቆም ጀመርኩ። ክረምቱን ሙሉ ጭቃ ሲያወርድ የነበረው ውሃ ጠርቷል። ከላዩ ጉም ይነሣል። ዳርና ዳሩ ያለው ሣር አመዳይ ለብሶ ነጭ ይሆናል። ከዚያ ጀንበር ብቅ ስትል ያ ነጩ ሁሉ ወርቅ ይመስላል። ትንሽ ቆይቶ ይጠፋል። አንድ ቀን አይኔ እያየ ጠፋ። ሩብ ሰዓትም አልቆየ።

ፎቶ ማንሣት የጀመርኩት ለእናቴ ብዬ ነው። ጉልበቷን ካመማት አራት ዓመት ሆናት። ቁልቁለቱን ወርዳ ወንዙ ዳር መድረስ አትችልም። ድሮ መስቀል ሲደርስ የቤቱን ጋቢና ባና ሁሉ ተሸክማ ወደ በሬሳ ትወርድ ነበር። በእንዶድ አጥባ፣ ድንጋይ ላይ አስጥታ፣ ማታ ትመለሳለች። እኔ ልጅ ሆኜ ከጎኗ ድንጋይ ስወረውር እውል ነበር። አሁን ጠዋት ዳቦ ይዤ ስገባ መጀመሪያ የምትጠይቀኝ «በሬሳ ጎደለ?» ብላ ነው።

ባለፈው ሳምንት አንዱን ፎቶ አሳየኋት። ስልኩን አይኗ ድረስ አስጠግታ አየችው። «ልጄ፣ ይሄ ጢስ ነው እንጂ በሬሳ አይደለም» አለችኝ። እውነቷን ነው። ፎቶው አመድ ይመስላል። ጉሙ ግራጫ፣ አመዳዩ ግራጫ፣ ውሃው ግራጫ። በአይኔ ያየሁት ግን እንደዚያ አልነበረም።

ፀሐይን ጀርባ ሰጥቶ ማንሣት ጥሩ ነው ሲባል ስለሰማሁ ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የማደርገው። አንድ ጠዋት ወደ ፀሐይዋ ዞሬ ሞከርኩ። እሷ ነጭ ጉድጓድ ሆነች፣ የቀረው ሁሉ ጠቆረ። ስልኬ ቴክኖ ነው፤ ሦስት ዓመት ሆኖታል። ካሜራ የምገዛበት ገንዘብ የለኝም።

ሌላም ያልገባኝ ነገር አለ። ኢንተርኔት ላይ የውጭ ሀገር ከተሞችን የወንዝ ዳር ፎቶ አያለሁ። ዛፉ ቀይ፣ መንገዱ በቅጠል የተሸፈነ። እኛ ጋ ባሕር ዛፉ በሐምሌም በኅዳርም ያው ነው። ታዲያ ወቅቱን በምን ላሳይ? ደግሞ ወቅቱን ጸደይ ነው የምለው መፀው? ከወንዙ ዳር የማይጠፋውን ፌስታልና የውሃ ፕላስቲክስ ምን ላድርገው? ቆርጬ ላውጣው?

የምፈልገው አንድ ፎቶ ነው። አሳጥቤ ከእናቴ አልጋ ፊት ለፊት ልሰቅለው። ታኅሣሥ ሳያልቅ።


የድሮ ፎቶ ቤት፣ ኅዳር 2

ልጄ፣ ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እኔም እዚሁ ከተማ ነኝ። ፎቶ ቤት ከፍቼ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። አሁን ልጆቼ ናቸው የያዙት። እናትህ ጢስ ነው ያሉት እኔንም ገጥሞኛል። ፊልም በነበረበት ዘመን አንድ ጥቅል 36 ፎቶ ነው የሚያነሣው። የበሬሳን አመዳይ ላነሣ ወጥቼ ሦስት ጥቅል ፊልም አቃጥያለሁ። ሳጥበው ሁሉም አመድ። ለወር ያህል ካሜራው ተበላሽቷል ብዬ አምን ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ካሜራ ያየውን ሁሉ ሠርገኛ ማድረግ ይወዳል። ነጭ ጤፍ ብትሰጠው ሠርገኛ፣ ጥቁር ጤፍ ብትሰጠውም ሠርገኛ። የብርሃኑን መጠን የሚለካው የሚያየው ነገር ሁሉ መሐል ላይ ያለ ግራጫ ነው ብሎ ነው። አመዳይና ጉም ነጭ ናቸው። እሱ ግን «ይሄ በዝቷል» ብሎ ያጠቁረዋል። ስለዚህ ፎቶህን ጉምና አመዳይ ከሞላው ብርሃኑን አንተ ትጨምራለህ። ጀንበሯ ፎቶው ውስጥ ከገባች ደግሞ ትቀንሳለህ። እነዚህ ሁለቱ ተቃራኒ ናቸው፤ አትቀላቅላቸው።

ስልክህ ላይ እንዴት እንደሚሆን ልንገርህ። ማሳየት የምትፈልገውን ቦታ በጣትህ ነክተህ ትንሽ ያዘው። ትንሽ የፀሐይ ምልክት ትመጣለች። ጣትህን ወደ ላይ ብታንሸራትት ይበራል፣ ወደ ታች ብታወርደው ይጠቁራል። ያቺን ምልክት በደንብ ልመዳት። በፊልም ዘመን ቢኖረን ኖሮ ስንት ገንዘብ ይተርፈን ነበር።

ሁለተኛው ጉዳይ ፀሐይን ጀርባ መስጠትህ ነው። ለሰው ፊት ጥሩ ነው። ጉም ግን ፊት ለፊት ሲበራበት ግድግዳ ይመስላል። ከጀርባው ሲበራበት ነው ውስጡ የሚታየው። ሻማን በወረቀት ከለል ስታደርገው ወረቀቱ እንደሚያበራው በለው። ስለዚህ ዞር በል። ግን ጀንበሯን ራቁቷን አታንሣት። ከባሕር ዛፍ ግንድ ኋላ ደብቃት። ግንዱ ዳር ላይ ብርሃኗ ይፈሳል፣ ጉሙ ወርቅ ይሆናል፣ ውሃውም አይጠቁርም። ከዚያ ብርሃኑን ትንሽ ቀንስ።

አሁን ሰዓቱን እንየው። በኅዳር አጋማሽ እኛ ጋ ጀንበር የምትወጣው 12 ሰዓት ከሩብ አካባቢ ነው። አንተ 12 ሰዓት ላይ ከወጣህ ሩብ ሰዓት አለህ ማለት ነው። ይሄ ዕድል ነው። ብዙ ሰው ለዚያች ሩብ ሰዓት ከሞቀ አልጋው መነሣት አለበት። አንተ ግን ቀድሞውኑ ነቅተሃል። ከጀንበር በፊት ያለው ብርሃን ሰማያዊ ነው፤ ለብቻው ያምራል። አንድ ሁለት አንሣበት።

ከወጣች በኋላ ግን ፍጠን። ወደ ሰሜን ራቅ ባሉ ሀገሮች ጀንበር በአግድመት እያዘገመች ነው የምትወጣው። ወርቃማው ብርሃን ሰዓትና ከዚያ በላይ ይቆይላቸዋል። እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ሽቅብ ነው የምትተኮሰው። ግማሽ ሰዓት ካለፈ ብርሃኑ ይነጣል። «አይኔ እያየ ጠፋ» ያልከው ይሄንን ነው።

ደግሞ ጀንበሯ በዚህ ወር በትክክል ከምሥራቅ አትወጣም። ወደ ደቡብ ዘንበል ትላለች። ታኅሣሥ ሲደርስ የበለጠ ትርቃለች። በመስከረም የመረጥከው ዛፍ በኅዳር ላይከልላት ይችላል። በዕረፍት ቀንህ ሂድና በየት በኩል እንደምትወጣ አይተህ ቦታህን ያዝ።

ከድልድዩም ውረድ። ከላይ ስታነሣ ወንዙ ጠፍጣፋ ይሆናል። ውሃው አጠገብ ተንበርከክ። ስልክህን ገልብጠው፣ የካሜራው ሌንስ ወደ ውሃው እንዲጠጋ። ጉሙ ከላይህ ሲሄድ ታየዋለህ። ከዚያ በፊት ግን ሌንሱን ጥረገው። ኪስ ውስጥ የዋለ ስልክ የጣት ቅባት አለበት። ያ ቅባት ራሱ ጢስ ይሆናል። ንጹህ ጥጥ ጨርቅ በቂ ነው። ትንፋሽህንም ጠብቅ፣ በዚያ ብርድ ሌንሱ ላይ ጤዛ ይሆናል። ባትሪም በብርድ ቶሎ ይደክማል። እስክትደርስ ድረስ ስልኩን ከደረትህ ኪስ አታውጣው።

አንድ ቀን ልጠቁምህ። ኅዳር 12 ሚካኤል ነው። ኅዳር ሲታጠን። በ1911 ዓ.ም. ያ ክፉ የኅዳር በሽታ ከገባ ወዲህ የቀጠለ ነው፤ ሰው ቆሻሻውን ሰብስቦ ያቃጥላል። አየሩ ቀዝቃዛ ከሆነ ጢሱ ወደ ላይ አይሄድም። ወንዙ ላይ ይተኛል። በዛፎቹ መሐል ብርሃን ጨረር ጨረር ሆኖ ሲገባ አይቻለሁ። በዕድሜዬ ካነሣኋቸው ሁሉ የምወዳት ፎቶ የዚያ ቀን ናት።


ካርታና ጠመኔ፣ ኅዳር 3

ወንድሜ፣ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ስለ ወቅቱ የጠየቅከውን ልመልስ።

መፀው ነው። ብዙ ሰው መስከረምን ጸደይ ይለዋል፤ በዘፈንም በግጥምም ለምዶብናል። በቤተ ክርስቲያን አቆጣጠር ግን መፀው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ነው። ጸደይ ከመጋቢት 26 ጀምሮ ነው። አንተ ድልድዩ ላይ ቆመህ የምታየው መፀው ነው። ክረምቱ ወጥቶ፣ አደይ አበባው ረግፎ፣ እህሉ የሚደርስበት።

ቀይ ቅጠል የማናየው ደግሞ ምክንያት አለው። በእነዚያ ሀገሮች በመፀው ቀኑ በጣም ያጥራል፣ ብርዱም ይጠነክራል። ዛፉ የብርዱ ወቅት መጣ ብሎ ቅጠሉ ውስጥ ያለውን አረንጓዴ ነገር ያፈርሰዋል። ከሥር ተደብቆ የነበረው ቢጫ ያን ጊዜ ይታያል፤ አንዳንዱ ዛፍ ቀይም ይጨምራል። እኛ ጋ የዓመቱ ረጅሙ ቀንና አጭሩ ቀን የሚለያዩት በአንድ ሰዓት ከትንሽ ደቂቃ ብቻ ነው። ዛፎቻችን በአንድ ጊዜ ቅጠላቸውን አራግፉ የሚላቸው የለም። ስለዚህ ወቅቱን ዛፍ ላይ አትፈልገው። ወደ መሬት ዝቅ በል።

የእኛ መፀው ሣር ላይ ነው። ከአረንጓዴ ወደ ገለባ መልክ ሲዞር እየው። ገብሱ ላይ ነው፤ ከከተማው ትንሽ ወጣ ስትል ወንዙን ተከትሎ ያለው ማሳ ነጥቷል፣ አጨዳውም ጀምሯል። ውሃው ላይም ነው፤ ክረምት ላይ አፈር ተሸክሞ የነበረው አሁን ድንጋዩን ያሳይሃል። ጠዋት ከየቤቱ የሚወጣው የኩበት ጢስም አለ። ጢሱ ሰማያዊ ሆኖ በጣሪያዎቹ ላይ ሲዘረጋ፣ ለእኔ ከዚህ የበለጠ ደብረ ብርሃንን የሚናገር ነገር የለም። እናትህም የሚያውቁት ይሄንን ነው።

ዳሩ ላይ አኻያ ካገኘህ እሱን ያዝ። ቅጠሉ ከሥሩ ነጣ ይላል። ነፋስ ሲነካው ያብለጨልጫል። ከባሕር ዛፉ ይልቅ የወንዙ ልጅ እሱ ነው። በረግረጉ ሣር ላይ ዝይ ካየህ ደግሞ ቀስ በል። ክንፉ ሰማያዊ የሆነው ዝይ ከኢትዮጵያ ደጋ በስተቀር በየትም ሀገር አይገኝም። ሲግጥ ግራጫ ቡናማ ወፍ ይመስልሃል። ሰማያዊው በደንብ የሚታየው ሲነሣ ነው። ግን ለፎቶ ብለህ አታስነሣው።

ጉሙ መቼ እንደሚመጣ ማወቅ ትችላለህ። ሌሊት ለዕረፍት ስትወጣ ሰማዩን እይ። ኮከቡ ጥርት ብሎ ነፋስ ከሌለ ምድር ሙቀቷን ወደ ሰማይ ትለቃለች። ቀዝቃዛው አየር ከባድ ስለሆነ ወደ ወንዙ ይወርዳል። ውሃው ከአየሩ ይሞቃል፣ ስለዚህ ይተንናል። ደመና ካለ ግን ደመናው እንደ ብርድ ልብስ ነው። በማግስቱ ጉምም አመዳይም አትጠብቅ።

ስለ ፌስታሉ። እኔ ቆርጠህ አውጣው አልልህም፣ አትቁረጠውም አልልህም። የራሴን ልንገርህ። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ በየዓመቱ ኅዳር ላይ አንድ ቦታ ቆሜ አንድ ፎቶ አነሣለሁ። ያው ቦታ፣ ያው አቅጣጫ። ለተማሪዎቼ ነው። በመጀመሪያው ፎቶ ላይ ሁለት የአኻያ ዛፍ አለ። አሁን አንዱ ብቻ ቀርቷል። ዳሩ ተሸርሽሮ ወደ ውስጥ ገብቷል። ፕላስቲኩ በየዓመቱ ጨምሯል። አንዳንድ ጠዋት አረፋም አለ። ይህ ውሃ ወደ ጀማ፣ ከጀማ ወደ አባይ ነው የሚሄደው። ያንን አልደብቅም። በጣም ነው የሚቆጨኝ። የእናትህ ፎቶ ግን ሌላ ነው። ለእሳቸው የሚሆነውን አንተ ታውቃለህ። ብቻ ከሁለቱ አንዱን አንሥተህ ሌላውን አትርሳ።


ባለ ባጃጅ፣ ኅዳር 3

ብሮ፣ ጋሼም መምህርቷም ጨርሰውታል። እኔ ሦስት ነገር ብቻ ልበል።

አንደኛ፣ ውሻ። በዚያ ሰዓት ከድልድዩ በታች ያሉት ውሾች ገና አልገቡም። ብቻህን አትውረድ፣ ወይም ዱላ ያዝ።

ሁለተኛ፣ ድልድዩን ራሱን ስታነሣ ጥበቃ ካለ መጀመሪያ ሰላም በል፣ አስፈቅድ። እኔ ዝም ብዬ ሳነሣ አንዱ ስልኬን ሊቀበለኝ ነበር። ያነሣሁትን ሳሳየው ለቀቀኝ። ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች ካሉም እንዲሁ። «እህቶቼ፣ ለእናቴ ነው» በላቸው። እምቢ ካሉ ሌላ ቦታ ሞልቷል። ገላውን የሚታጠብ ሰው ያለበት ቦታ ግን ስልኩን ጭራሽ አታውጣው።

ሦስተኛ፣ ለማሳጠብ በቴሌግራም ስትልክ ፎቶ ብለህ አትላክ፣ ያሳንሰዋል። ፋይል ብለህ ላክ። እኔ የልጄን የልደት ፎቶ እንደዚያ ልኬ ትልቅ ሳሳትመው ደበዘዘብኝ።

ጠባሴ በኩል ነኝ። በጠዋት ስለምወጣ ካየኸኝ አስቁመኝ፣ እስከ ወንዙ በነፃ አደርስሃለሁ።


የሌሊት ፈረቃ፣ ኅዳር 17

ጋሼ፣ መምህርት፣ ወንድሜ፣ ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የሆነውን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ኅዳር 12ን ጠበቅኩ። አልተሳካም። ጢሱ በጣም በዛ፣ ጀንበሯ እንኳ ብርቱካን መስላ ታየችና ጠፋች። አይኔ ሲያለቅስ ቤቴ ገባሁ። ጋሼ፣ የእርስዎ ቀን ለእርስዎ የተሰጠ ነበር።

ኅዳር 14 ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ለዕረፍት ወጣሁ። ሰማዩ ጥርት ብሏል። ኮከቡ የሚቆጠር አይደለም። ነፋስ የለም። መምህርት፣ የጻፉት ትዝ አለኝና ልቤ ደነገጠ። ከዚያ በኋላ ሥራው ሁሉ ረጅም ሆነብኝ። 12 ሰዓት ሲሆን ሮጬ ወጣሁ።

ጉሙ ነበረ። እንደዚያ ቀን ወፍሮ አይቼው አላውቅም። አንድ እረኛ በማዶ በጎቹን ይዞ ይወርዳል። የለበሰው ባና ብቻ ነው የሚታየው፣ እግሩ የለም። በዱላዬ እያስጠነቀቅኩ ወረድኩ። ሌንሱን በሸሚዜ ጫፍ ጠረግኩት። ተንበረከክኩ። ሣሩ እንደ ብርጭቆ ከጉልበቴ ሥር ተሰባበረ። ስልኩን ገለበጥኩት። መጀመሪያ አመዳዩን ነክቼ ወደ ላይ ሳንሸራትተው ነጭ ሆነ። በቃ፣ ነጭ! በአይኔ ያየሁት ነጭ። ከዚያ ጀንበሯ ስትመጣ ወደ ባሕር ዛፉ ኋላ ሄድኩ፣ ዞርኩ፣ ብርሃኑን ቀነስኩ። ጉሙ ከውስጡ በራ። 11 ፎቶ አንሥቻለሁ። ጣቶቼን ከዚያ በኋላ አላውቃቸውም፤ ዳቦ ቤት ስደርስ ሳንቲም መያዝ አልቻልኩም።

ቤት ገብቼ ለእናቴ አሳየኋት። ዳቦውን ተቀብላኝ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች። ስልኩን ያዘች። ብዙ ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ «ጎድሏል» አለች። ውሃውን ነው። ከዚያ «ድንጋዩን ግን ቆርጠኸዋል» አለች።

«የቱን ድንጋይ?» አልኳት።

«በግራ በኩል፣ ጠፍጣፋውን። የኔን ድንጋይ።»

እሷ ባና የምታጥብበት ድንጋይ ነው። ጫፉ ብቻ ነው ፎቶው ላይ የገባው። ሳነሣ አላየሁትም። እሷ ግን ከጫፉ አወቀችው። ልጅ ሆኜ ከጎኑ የዋልኩበትን ድንጋይ አላወቅሁትም።

በማግስቱ ተመለስኩ። ሁለት እርምጃ ወደ ግራ። ድንጋዩ ሙሉ በሙሉ ገባ። ግን ከሥሩ ሦስት ፌስታልና አንድ የውሃ ፕላስቲክ ተጠምዶበታል። መምህርት ያሉትን አሰብኩና እንዳለ አነሣሁት። ለእናቴ አሳየኋት። አሁንም አስጠግታ አየች። «ፌስታሉን አንሥተኸዋል?» አለችኝ። «አዎ፣ እንዳለ ነው ያነሣሁት» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ። «ፎቶውን አይደለም» አለች።

ትናንት ጠዋት ቀድሜ ወረድኩ። ጉሙ ሳስቷል፣ አመዳዩ ግን አለ። ፌስታሉን በእጄ አወጣሁት። ውሃው እጅ ይቆርጣል። ሌላም ከአካባቢው ስለቅም አንዲት ልብስ ልታጥብ የመጣች እህት አየችኝና ምንም ሳትናገር ከእሷ በኩል ያለውን መሰብሰብ ጀመረች። አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ወጣ። ከዚያ አስፈቅጄያት ድንጋዩን አነሣሁት። እሷ አልገባችም፤ የእጥበት ሳህኗ ብቻ ነው በጥጉ የሚታየው። ሰማያዊ ነው። እናቴ እሱን ስታይ «ማን ናት?» አለች። ከዚያ የማያልቅ ወሬ ተጀመረ። ከማን ጋር ትወርድ እንደነበር፣ የማን ልጅ ውሃ ወሰደው እንደተባለና በኋላ እንደተገኘ፣ እንዶዱን ከየት ያመጡት እንደነበር። ፈረቃዬን ረስቼ እስከ ረፋዱ 4 ሰዓት ሳልተኛ አዳመጥኳት።

የምሰቅለው ይሄንን ነው። ጋሼ፣ አሁን ያለኝ አንድ ጥያቄ ነው። በምን ያህል መጠን ይታጠብ? አልጋዋና ግድግዳው ወደ ሦስት ሜትር ይራራቃሉ። መስኮቱ ከፎቶው ትይዩ ነው።


የድሮ ፎቶ ቤት፣ ኅዳር 17

ልጄ፣ በሦስት ሜትር ርቀት 20 በ30 ሴንቲ ትንሽ ነው፤ ለአይናቸው ደግሞ ያንሳል። 40 በ60 አድርገው። ስልክህ 13 ሜጋፒክስል ከሆነ ከዚያ ርቀት በደንብ ይችለዋል። ብቻ ምንም ዙም አድርገህ ያነሣኸው አይሁን፣ ኋላም አትቁረጠው። መስኮት ትይዩ ስለሆነ የሚያብረቀርቅ ወረቀት አትምረጥ። ማት የሚባለውን በል። ያለዚያ እናትህ ጠዋት ጠዋት የሚያዩት መስኮቱን ነው።

ሲታተም ከስልኩ ትንሽ ይጠቁራል። ስክሪኑ ከውስጡ ስለሚበራ ነው የሚያታልለን። ስለዚህ ከመታተሙ በፊት ጥቂት እናበራዋለን። በትንሹ አንድ አሳጥበን፣ ቀን በመስኮት ብርሃን አይተን፣ ከዚያ ትልቁን እናደርጋለን።

ፋይሉን በቴሌግራም አትላከው። ስልኩን ራሱን ይዘህ ና። ያቺን ሰማያዊ ሳህን በትክክለኛው መልኳ ማውጣት እፈልጋለሁ።


የሌሊት ፈረቃ፣ ኅዳር 17

እሺ ጋሼ። ነገ ከፈረቃ ስወጣ በቀጥታ እመጣለሁ። እናቴ ደግሞ የአኻያውን ዛፍ ጠይቀው ብላኛለች፤ ከድንጋዩ በላይ አንድ ነበር ትላለች። መምህርት፣ በ2012ቱ ፎቶዎ ላይ ካለ እባክዎ ያሳዩኝ።